በሴቶቹ ዝርዝር ውስጥ

እታገኘሁ ክፉ ወሬ እስኪመጣባት አትጠብቅም፤ መንገድ ወጥታ ትቀበለዋለች። በር ሲንኳኳ መርዶ ነው ትላለች። ደብዳቤ ሲደርሳት ፖስታውን ሳትቀድ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች። በቦረና አውራጃ፣ መካነ ሰላም ውስጥ የሚያውቋት ሴቶች፣ «እሷ እኮ የራሷን ተዝካር አውጥታ፣ የተረፈውን እየበላች የምትኖር ናት» እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ። ሁለት ወንድ ልጅ ቀብሮ ክፉ የማይጠብቅ ሰው ካለ እሷም ልታየው ትወዳለች።

የመጀመሪያው በአርባ ቀኑ ሞተ። ሁለተኛውን ዳዴ ማለት ሲጀምር ኩፍኝ ወሰደባት። ሦስተኛው ወንድ ሲወለድ ግን ሞትን ልታታልለው ቆረጠች። ስሙን ንጉሡ አለችው፤ ይህን ስም ከእሷ፣ ከባሏና ከእናቷ ከወርቄ በቀር የሰማው አልነበረም። ቀኝ ጆሮውን በስታ የብር ጉትቻ አንጠለጠለችለት፤ ቀሚስ አለበሰችው፤ ሰው ፊት «ሐረግ» እያለች ጠራችው። ምን ወለድሽ ሲሏት «ሴት» ትላለች። አገሩ የሚያውቀው ዘዴ ነው። ወንድ የማይበረክትላት እናት ሁሉ ታደርገዋለች፤ ጎረቤትም አውቆ እንዳላወቀ ያልፋል።

ዘዴው ሠራ። ልጁ ሦስት ዓመት ሞላው። ከዚያ ሰባ ሰባት መጣ።

ባሏ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ሰሜን ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ዝናብ ከቀረ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። በኅዳር እታገኘሁን ተስቦ ጣላትና መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ገባች። እናቷ ከወግዲ በታች ካለው ቀበሌ በእግሯ መጥታ፣ ልጁን አዝላ መስኮቱ ሥር ቆመች፤ ሕመሙ ይጋባል ተብሎ መግባት አልተፈቀደላትም።

«ኩታበር ወንድሜ ዘንድ እህል ይታደላል አሉ» አለቻት ወርቄ በመስኮቱ። «ልጁን ይዤ ልሂድ። እዚህ ከቆየን ሁለታችንም አንተርፍ።»

«ጉትቻውን እንዳታወልቂ።»

«አብደሻል? እንዴት አወልቃለሁ!»

«መዝገብ ላይ ከጻፉሽ ግን ትክክለኛውን ስም ንገሪያቸው። የመንግሥት ነገር ነው፤ ኋላ ራሽን ይከለክሉሻል።»

ወርቄ ራሷን ነቀነቀች። ልጁን ከፍ አድርጋ በመስኮቱ አሳየቻት። ልጁ በመስተዋቱ ውስጥ የራሱን ጉትቻ አይቶ ሳቀ። እታገኘሁ በኋላ ደጋግማ የምታየው ይህንን ነው፤ እሷን ሳይሆን የራሱን ጉትቻ አይቶ ነበር የሳቀው።

ድና ወጥታ ስታስጠይቅ ከኩታበር የመጣው መልስ ወርቄና ልጁ ወደ ሰፈራ ተወስደዋል የሚል ሆነ። ከደረሱ በሁለተኛው ሳምንት ተመዝግበው፣ በመኪና ተጭነው፣ ወደ ምዕራብ ሄደዋል። የት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ያለ ይለፍ ወረቀት ወጥቶ መፈለግም የማይታሰብ ነበር።

እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራ ስለነበር ደሴ ያለው የእርዳታ ቢሮ የመካነ ሰላም ቅርንጫፍ ጸሐፊ አድርጎ ቀጠራት። ሥራዋ ልጅ የጠፋባቸውን ሰዎች ቅጽ መሙላት ነው፤ የልጁ ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ ሲለይ ከማን ጋር እንደነበር። ወላጆቹ ግራ ሲገባቸው ትቆጣቸዋለች። «የቤት ስም አልጠየቅኋችሁም! የመንግሥት ወረቀት የቤት ስም አያውቅም፤ ትክክለኛውን!» የራሷንም ቅጽ በዚሁ ሥርዓት ሞላች፤ ንጉሡ፣ ወንድ፣ አምስት ዓመት።

በሰባ ዘጠኝ መጋቢት ከደሴ መልእክት መጣ። ቢሮው ኮምፒዩተር ገብቶለታል። በአሶሳ በኩል ያሉት የሰፈራ መንደሮች ያለ ወላጅ የያዟቸውን ልጆች መዝገብ ልከው ወደ ማሽኑ ገብቷል። የየአውራጃው ጸሐፊ ቅጾቹን ይዞ ይምጣ።

እታገኘሁ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቅጽ በላስቲክ ጠቅልላ በእህል መኪና ተሳፈረች። ሙሉውን መንገድ መኪናው ሲገለበጥ እያየች ነው የሄደችው። ደሴ በደህና ስትገባ ትንሽ ደነገጠች።

የማሽኑ ክፍል በር ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ሻሿን እያስተካከለች አስቆመቻት። ሩቂያ ትባላለች፤ አዲስ አበባ ስድስት ወር ሠልጥና የተመለሰች የደሴ ልጅ ናት።

«እትዬ፣ ጫማሽን አውልቂ።»

«መስጊድ ነው እንዴ?»

«ከመስጊድም ይብሳል። አቧራ ከገባበት ጓድ መለሰ እኔን ነው የሚሰቅሉኝ።»

እታገኘሁ በባዶ እግሯ ገባች። የጠበቀችው ቤት የሚያክል ነገር ነበር፤ ያየችው ግን የልብስ ሻንጣ የሚያህል ሣጥንና አረንጓዴ ፊደል የሚበራበት መስተዋት ነው። ውጭ ጄኔሬተሩ ያጓራል። ከጎኑ ያለው ማተሚያ ቆሎ እንደሚቆላበት ምጣድ እየተንጣጣ፣ ዳር ዳሩ የተበሳ ሰፊ ወረቀት ይተፋል።

«ሁሉንም ያውቃል?» አለች በሹክሹክታ።

«ምንም አያውቅም» አለች ሩቂያ። «የነገርነውን ያስታውሳል፣ ያነጻጽራል፣ ይደምራል። ያንቺን ቅጽ ከመንደሮቹ መዝገብ ጋር ያስተያየዋል። ስም፣ ጾታና ዕድሜ ከገጠሙ ያገናኛቸዋል። ሦስት ቀን ስጪኝ።»

ሦስቱን ቀን እታገኘሁ ከቢሮው በር ላይ አልተነሣችም። አብራት የምትጠብቅ አንዲት ከደጎሎ የመጣች ሴት ነበረች፣ ፈንታዬ የምትባል፤ የስምንት ዓመት ሴት ልጅ ጠፍታባታለች። ፈንታዬ ገብስ ቆሎ ከመቀነቷ እየፈታች ታካፍላታለች።

«ቢገኝ ምን ታደርጊያለሽ?» አለቻት በሁለተኛው ቀን።

«አይገኝም።»

«ቢገኝ እልሻለሁ!»

«ታሞ ይሆናል የሚገኘው።»

«አይ እታገኘሁ» አለች ፈንታዬ ስቃ፤ «አንቺማ ገነት ብትገቢ ጣሪያው ያፈሳል ትያለሽ።»

በአራተኛው ቀን ሩቂያ ጠራቻት። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ሰባ አንዱ ተገኝተዋል። እታገኘሁ ጣቷን ከረድፍ ረድፍ እያወረደች ሄደች፤ ከታች እስከ ላይ ደገመች። ንጉሡ የለም።

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ማዘቅዘቅ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ሩቂያ።

«ዐውቄው ነበር። ሞቷል።»

«ኧረ እትዬ! ማሽኑ የለም አለ እንጂ መቼ ሞተ አለ?»

«የለም ማለት ሌላ ምን ማለት ነው?»

«አላገኘሁም ማለት ነዋ። አንቺ የጻፍሽውን ልጅ ነው የፈለገው። ያላልሽውን አይፈልግም። ነጠላሽን መልሺ፣ እባክሽ፤ ወላሂ ክፉ ገድ ነው።»

እታገኘሁ ነጠላዋን እንደ ያዘች ቀረች። ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠች እንባዋ አገጯ ላይ ተንጠባጠበ። ሩቂያ እንዴት እንደምታጽናናት ጠፍቷት ወደ ሥራዋ ዞረች። ሰኞ ለጓድ መለሰ የሚቀርበው ሪፖርት ነበረባት። ማሽኑ በየመንደሩ ያሉትን ልጆች በዕድሜና በጾታ እየከፈለ ደምሮ አወጣላት። የሰፈራ መንደሮቹ አምባ እየተባሉ በቁጥር ነው የሚጠሩት።

«ይገርማል» አለች፣ እሷን ለማዘናጋት ያህል። «በሌላው አምባ ሁሉ ከሰባት ዓመት በታች ያሉት ወንድና ሴት እኩል እኩል ናቸው። አምባ 9 ግን ተመልከቺ፤ ስድሳ አንድ ሴት፣ ሠላሳ አራት ወንድ። አብዛኞቹ ከእናንተ በኩል የሄዱ ናቸው። ምነው፣ ቦረና ወንድ አይወለድም እንዴ?»

እታገኘሁ ቀና አለች። ነጠላዋ ከእጇ ወደቀ።

«ይወለዳል» አለች። «እንደብቀዋለን እንጂ ይወለዳል።»

«ከማን?»

«ከሞት።»

ሩቂያ እጇን ከማሽኑ ላይ አንሥታ አየቻት። እታገኘሁ ቃሉ እየተደናቀፈባት የጉትቻውን፣ የቀሚሱን፣ የመስኮቱን ነገር ነገረቻት። እናቷ ራሷን የነቀነቀችው እሺ ለማለት አልነበረም ማለት ነው። ወርቄ ራሽን ከመከልከል ይልቅ ልጁን በስሙ መጥራትን ፈርታለች። ከመንግሥት ይልቅ ሞትን ፈርታለች። እታገኘሁን ፍርሃት ያስተማረቻት ወርቄ ራሷ ናትና ማን ይፈርድባታል?

«ሐረግ በይ» አለች እታገኘሁ። «ሴት በይ። አምስት ዓመት፣ ከወርቄ ጋር።»

ሩቂያ ጻፈች። አረንጓዴው መብራት ብልጭ ድርግም አለ። እታገኘሁ ዓይኗን ጨፍና ስለነበር ያየችው ሩቂያ ናት።

«አለ» አለች። ቆይታም፣ «አለች» አለች። «አምባ 9። ሐረግ፣ ሴት፣ አምስት ዓመት፣ በሰባ ሰባት ጥር ከኩታበር። አሳዳጊ፣ ወርቄ።»

«በሕይወት አለ?»

«ባለፈው ወር የተሞላ ነው። በሕይወት አለ። አብሽሪ።»

«ይህስ? ወርቄ ጎን ያለው ሁለት ምንድን ነው?»

ሩቂያ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አሳረፈች። የልጁ አሳዳጊ ካለ አንድ፣ ከሞተ ሁለት ይጻፋል። እታገኘሁ የሩቂያን ፊት አይታ ተረዳች። አንዲት መስመር ናት፤ መጀመሪያዋ ላይ ልጇ አለ፣ መጨረሻዋ ላይ እናቷ የለችም። መርዶን ሁልጊዜ መንገድ ላይ የምትቀበለው ሴት ይህንን ሳትጠብቀው ቤቷ ገብቶ አገኛት። ነጠላዋን ከወለሉ አንሥታ አዘቀዘቀችው፤ አሁን ሩቂያ አልከለከለቻትም።

ጓድ መለሰ የቢሮው ኃላፊ፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለይ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሁለቱን ሴቶች እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ከዚያ ሰፊውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ክረምት ሳይገባ ሁለት ጉዞ የሚያደርስ ነዳጅ ነው ያለኝ። አንዱ አምባ 4 ነው፤ ሃምሳ ስምንት ልጅ ከወላጆቻቸው ጋር ተገናኝቶልኛል፤ እሱ ያለቀ ነው። ሁለተኛውን አምባ 21 አስቤአለሁ፤ ሃያ አራት ልጅ አለ። አምባ 9 አሥራ አንድ ብቻ ነበር። በአንቺ ልጅ አሥራ ሁለት ሆነ።»

«ጌታዬ፣ እዚያ ሴት ከተባሉት ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። እናቶቻቸው ቦረና ውስጥ ወንድ ብለው እያስፈለጉ ነው። እኔ ነኝ እንደዚያ ያስጻፍኋቸው።»

«ስንት ናቸው?»

«ብዙ።»

«ብዙ ቁጥር አይደለም» አለ፣ ሳይቆጣ። «ስሚኝ። ይህ ማሽን ሳይመጣ ለጮኸ ሰው ነበር የምንልከው። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ስለጮኸ ብቻ መኪና ለአራት ልጅ ሄደ፤ የሃምሳዎቹ መንገድ በዝናብ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ በጩኸት አልልክም ብዬ ምያለሁ። በእንባም አልልክም። በሚቀጥለው ሰኞ እወስናለሁ። ቁጥር አምጪልኝ።»

እታገኘሁ በማግሥቱ በእህል መኪናው ተመለሰች። የገበያው ዕለት ሲደርስ ቅጹን ይዛ ጨው ተራው አጠገብ ቆመች፤ ልጅ የጠፋባቸውን በስም እየጠራች ሰበሰበች። የመጡት ወደ ሠላሳ ይሆናሉ። ነገሩን ስታስረዳቸው ሁሉም መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ» አለች አልታዬ የምትባለው፣ ምላሷ የማይታጠፍ ሴት፣ «የቤት ስም አልጠየቅሁሽም ብለሽ እዚያ በር ላይ የጮህሽብኝ? ጆሮዬ እስከ ዛሬ ይጮኻል!»

«እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አሁን ደግሞ የደበቅነውን አውጡ ትያለሽ። ቆጥራችሁ፣ ጽፋችሁ፣ ለማሽን ሰጥታችሁ! ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሠፍት አይደል የወረደው?»

«እውነቷን ነው» አሉ አባ ሞላ፣ የልጃቸውን ልጅ የሚፈልጉ ሽማግሌ። «ስሙን ሰው ካላወቀው ሞትም አያውቀው ብለን ነው የኖርን። ዛሬ ገበያ መሃል ብናወጣው፣ ማታ ማን ይጠብቀዋል?»

እታገኘሁም የምትፈራው ይህንኑ ነበር። ከመኪናው ከወረደች ጀምሮ ሆዷ የሚያንሾካሹክላት ይህንኑ ነው፦ አንቺ ስሙን ለማሽን በነገርሽበት ቀን ልጁ ታሟል፤ መኪናው ሲደርስ መቃብር ያሳዩታል። ብትናገርም ባትናገርም የምታጣው መሰላት። ባትናገር ግን አለማግኘቷ የተረጋገጠ ነው።

«የኔ ልጅ ስሙ ንጉሡ ነው» አለች።

ገበያው እንደ ወትሮው ይንጫጫል፤ መሬት ያዩ የነበሩት ግን ቀና አሉ።

«ንጉሡ ነው» አለች ደግማ፣ ከፍ አድርጋ። «ወንድ ነው። እናቴ ሐረግ ብላ፣ ሴት ብላ አስጻፈችው። ቀኝ ጆሮው የተበሳ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በወንዶቹ ዝርዝር ስፈልገው እሱ በሴቶቹ ዝርዝር ውስጥ ነበር። ከሞት ስደብቀው ከራሴ ደበቅሁት። ሞት እንደሁ ኩታበርንም አሶሳንም ያውቀዋል፤ ስም ጠይቆ አይመጣም። ስም የሚጠይቀው መኪናው ነው።»

አልታዬ ፊቷን በሻሿ ሸፈን አድርጋ ቀረበቻት።

«ድሪቶ» አለች በጆሮዋ። «የኔው ድሪቶ ነው የሚባለው። አያቱ ናት እንዲያ ያለችው። ሴት ብላም ሊሆን ይችላል ያስጻፈችው፣ እሷ እንደሆነች አታፍርም።» ከዚያ ድንገት ሳቀች። «ሰው እንዴት ልጁን ድሪቶ ብሎ ወልዶ፣ በዚያው ስም ይናፍቀዋል?»

ከእሷ በኋላ አንድ በአንድ መጡ። ጮክ ብሎ የተናገረ የለም። ሁሉም ጆሮዋ ላይ እየተጠጉ ነገሯት። አንዷ የኔ አይደለም፣ የጎረቤት ነው ብላ ነበር የላከችው። አባ ሞላ ጉትቻው የነሐስ ነው አሉ፣ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። ቅጹ የቤት ስም የሚጻፍበት ቦታ ስላልነበረው እታገኘሁ ከታች በእርሳስ መስመር አሰመረች፦ የቤት ስም፣ የተጻፈበት ጾታ፣ የጆሮ ምልክት። አመሻሹ ላይ አሥራ ዘጠኝ ቅጽ ታረመ።

እሑድ ደሴ ገባች። ሩቂያ ሰንበት ሳትል ቁጭ ብላ አስገባችው፤ አዲሱን መስመርም ለማሽኑ አስተማረችው። ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አምስቱ አምባ 9 ውስጥ ተገኙ።

ሰኞ ጠዋት ጓድ መለሰ ሁለቱን ቁጥሮች በእርሳሱ ከበበ። አምባ 21፣ ሃያ አራት። አምባ 9፣ ሃያ ሰባት። ከዚያም የእታገኘሁን ቅጾች አንሥቶ ከታች በእርሳስ የተሰመረውን አየ።

«ይህ የቤት ስም የሚለው» አለ ለሩቂያ፣ «በሁሉም አውራጃ ቅጽ ላይ ይግባ።» ለአምባ 9 ፈረመ።

እታገኘሁ መሬት እስክትነካ እጅ ነሣች። በሩን ከፍታ ስትወጣ ፈንታዬ ግንቡ ሥር ተቀምጣለች። የፈንታዬ ልጅ አምባ 21 ነው ያለችው። እታገኘሁ ይህን ከሳምንት በፊት ታውቅ ነበር፤ ያንን ሁሉ መንገድ ስትመላለስ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበችውም።

«ምን አሉ?» አለች ፈንታዬ።

«ወደ አምባ 9 ነው። የአምባ 21 ከክረምት በኋላ።»

ፈንታዬ ቆሎዋን መቋጠር ጀመረች። ጣቷ ቋጠሮውን እምቢ አለው።

«የኔዋ ሴት ናት» አለች። «ሴት ብዬ አስጻፍኋት። ስሟንም ትክክለኛውን ነው የሰጠሁት። እኔ ምንም አልደበቅሁም።»

እታገኘሁ አጠገቧ ቁጭ አለች። «ደጎሎ እመጣለሁ» አለች። «ቤት ለቤት እጠይቃለሁ። የተደበቀ ካለ አወጣለሁ። ለመስከረም አምባ 21 ከሁሉ ይበልጣል።»

«መስከረም!» አለች ፈንታዬ። ወዲያው ራሷን ገታች። «እሺ። እንኳን ለዚህ አበቃሽ። አንድ ሰው ሲያገኝ አገር አገኘ ነው። ሂጂ፣ ነጠላሽን መልሺ፤ ልጅሽ ሲመጣ ሐዘንተኛ አይይ።»

መኪናው የተመለሰው በሰኔ መጀመሪያ፣ ሰማዩ ደሴ ላይ በተደፋበት ቀን ነው። የቦረና እናቶች ከቢሮው ግቢ ሞልተዋል። ልጆቹን ያመጣው ሸኚ ከፊት ወርዶ ስም እየጠራ ቆጠረ፤ ሃያ ስድስት። እታገኘሁ «ሃያ ሰባት ነበር» አለች። የጎደለው የእሷ እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ተረጋገጠላት፤ የት እንደ ቀበሩት ሳይቀር ታያት። ሸኚው፣ አንደኛዋ ልጅ አክስቷን አግኝታ እዚያው እቀራለሁ ብላ ነው ሲል ሌሎቹ ሰሙ፤ እሷ አልሰማችም።

ልጆቹ ይወርዳሉ። ፀሐይ ያጠቆራቸው፣ ወንድ ሴት ሳይባል የእርዳታ ቁምጣ የለበሱ፣ ራሳቸውን የተላጩ። ሁሉም ይመሳሰላሉ። አልታዬ «ድሪቶ! ድሪቶ!» እያለች በሰዉ መሃል ታልፋለች፤ ሰዉ ይስቃል፤ እሷ ግን አታፍርም። እታገኘሁ አፏን ከፈተች።

«ንጉሡ!»

ማንም አልዞረም። የመኪናው ደረጃ አጠገብ የቆመ አንድ ልጅ ብቻ፣ እንደ መታችው ሁሉ፣ አንገቱን ቀብሮ ቀኝ ጆሮውን በመዳፉ ከደነ።

ቀረበችው። ልጁ ግራ ቀኙን አይቶ፣ የሚሰማ አለመኖሩን አረጋግጦ፣ በቁጣ አንሾካሾከ።

«ለምን ጮክ ብለሽ ጠራሽው?»

እታገኘሁ ጎንበስ አለችለት።

«እማማ ወርቄ ጮክ ተብሎ አይጠራም ብላለች። ለእናትህ ብቻ ነው የምትነግራት ብላለች፣ ያውም በጆሮዋ።» ቆም ብሎ ፊቷን መረመረ። «እናቴ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ እኔ ሳልነግርሽ በምን አወቅሽው?»

ተንበረከከች። እጁን ከጆሮው ላይ ቀስ አድርጋ አነሣችው። ጉትቻው የለም። ቀዳዳው እንዳይደፈን ግን ቀጭን የሣር አገዳ ገብቶበታል፤ እናቷ ከመሞቷ በፊት ያደረገችለት ይሁን፣ እሱ ራሱ ከዚያ ወዲህ እየለወጠ ያኖረው ይሁን፣ አልጠየቀችም።

«ሞት ሰማ ይሆን?» አላት፣ ወደ ግቢው በር እያየ።

እታገኘሁም ወደ በሩ አየች። በመቀነቷ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ ሁለቱም ስሞቹ፣ የሚጠሩትም የሚደበቁትም፣ ጎን ለጎን የታተሙበት። ገበያ መሃል የተጮኸበት፣ ማሽን የቆጠረው፣ ኃላፊ የፈረመበት ስም ነው። በሩ ላይ ግን ከፈንታዬ በቀር ማንም አልነበረም። ዛሬ የሚመጣላት ሳይኖር ከደጎሎ የመጣችው ልጆች ሲወርዱ ለማየት ብቻ ነው።

«አልሰማም» አለችው።

እጁን ይዛ ወደ በሩ ሄደች። ፈንታዬ ጎንበስ ብላ ልጁን አየችው፤ ጉንጩን ልትነካው እጇን ዘርግታ መለሰችው። ጆሮውንና የሣሩን አገዳ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«የኔዋ» አለች፣ «ሁለቱም ጆሮዋ ነው የተበሳው።»